ሳውንድ ካርዱን ከመቀየራችን በፊት ገመዱን እንከተል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ዕትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ አልጠራ ያለው ሰው አዲስ ሳውንድ ካርድ (የኮምፒውተሩን ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣ ክፍል) እንዲገዛ የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ምክሩ የሚጠቅመው ሰው አለ። ለብዙዎቻችን ግን ገንዘብን ያለ ቦታው ማውጣት ስለሚሆን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ በካሴት የተቀዱ የቆዩ ቃለ ምልልሶችን ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ቃል በቃል በጽሑፍ ማስፈር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። በዚህ ሥራ አንዲት ፊደል የሰው ታሪክ ትለውጣለች። አንድ ጊዜ አንዲት አዛውንት የተናገሩት «ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም» ይሁን «አልተመለሰችም» መለየት አቅቶኝ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስመላልሳት ዋልኩ። የጠፋው ወንድማቸው ነው ወይስ እኅታቸው? ልዩነቱ ያለው «ች» ላይ ብቻ ነው። እንደ «ች»፣ «ሽ» እና «ስ» ያሉ ድምፆች አብዛኛው ጉልበታቸው ያለው በቀጭኑ የድምፅ ክልል ስለሆነ፣ ቅጂው ሲበላሽ ቀድመው የሚድበሰበሱት እነርሱ ናቸው።

ያን ጊዜ እኔም እንደ ዓምዳችሁ ጸሐፊ ጥፋቱን በካርዱ ላይ ጥዬ ነበር። ልገዛ ስል ግን ጆሮ ማዳመጫዬን እንዳደረግኩ የማውሱን ጎማ አንከባለልኩ፤ ቀጭን «ጢዝ» የሚል ድምፅ ከጣቴ ጋር አብሮ ተነሣ፣ አብሮ ቆመ። ጆሮ ማዳመጫውን ከፊት መሰኪያ ነቅዬ ከኋላ ስሰካው ድምፁ ጠፋ። የፊቱ መሰኪያ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር የሚገናኘው በሣጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦው በግራፊክስ ካርዱና በማራገቢያዎቹ አጠገብ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ረብሻቸውን እየለቀመ ይመጣል። ካርዱ ምንም አልበደለም።

የከፋው ስሕተት የተገኘው ካሴት ማጫወቻው የተሰካበት ቦታ ላይ ነው። ለዓመታት ስሰካው የኖርኩት ከሮዙ ቀዳዳ፣ ማለትም ከማይክሮፎኑ ላይ ነበር። ማይክሮፎን የሚያወጣው ጥቂት ሺኛ የቮልት ክፍልፋይ ስለሆነ ያ መሰኪያ የገባለትን ሁሉ አብዝቶ ያጎላል። ካሴት ማጫወቻ የሚልከው ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበረታ ነው። ቅጂውን በስክሪኑ ላይ አስፍቼ ሳየው የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘሁት። ገመዱን ወደ ሰማያዊው ቀዳዳ፣ ማለትም እንደ ካሴት ማጫወቻ ካሉ መሣሪያዎች ድምፅ ወደሚቀበለው መግቢያ (ላይን ኢን) አዛውሬ ካሴቱን እንደገና ቀዳሁ። «አልተመለሰችም» ነበር። እኅታቸው ናቸው።

ስለ ቁጥሮቹም አንድ ነገር ልበል። የሳውንድ ካርድ ማስታወቂያዎች 24 ቢት (እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና የሚለካበት ዝርዝርነት) እና 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192,000 ናሙና) እያሉ ያስጎመጃሉ። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወስደው የሲዲ ደረጃ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ስፋት ይሰጣል፤ ጫጫታ መቀነሻ የሌለው ተራ ካሴት ግን 60 እንኳ አይሞላም። 24 ቢት ቀረጻ ላይ የድምፁን መጠን ዝቅ አድርጎ በእርጋታ ለመያዝ ይረዳል፤ ለማዳመጥ ግን ከካርዱ ይልቅ ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ የሚያመጣው ለውጥ በእጅጉ ይበልጣል።

መግዛት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው ቀዳዳ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ መሰኪያ ለማዳመጫና ለማይክሮፎን የጋራ ነው፣ የማይክሮፎኑ መግቢያም ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀበልም። ስለዚህ ለላፕቶፔ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ የድምፅ መሣሪያ ገዝቻለሁ፤ ከሣጥኑ ረብሻ ውጭ ስለሚቀመጥ ከውስጥ ካርድ እመርጠዋለሁ። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 250 ወይም 300 ኦም የሆነ ጆሮ ማዳመጫ ያለውም ሰው ድምፁ ቢያንስበት ማጉያ መፈለጉ ተገቢ ነው። የማያቋርጥ ወፍራም እምምታ የሚሰማው ግን ድምፅ ማጉያውንና ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ከአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ይሰካቸው።

የዓምዱ አዘጋጅ በሚቀጥለው ዕትም ቢያንስ የሮዙንና የሰማያዊውን ቀዳዳ ልዩነት እንዲያስረዱልን እለምናለሁ። የወላጆቻቸውን ድምፅ ከካሴት እየገለበጡ ያሉ አንባቢዎች እንዳሉ ከሚደርሱኝ ቅጂዎች አውቃለሁ። ካሴቱ በተጫወተ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል፤ ብዙዎቹም ዳግመኛ ለመቅዳት ዕድል አያገኙም።

ከአክብሮት ጋር፣
የካሴት ቅጂ ጸሐፊና የዘወትር አንባቢያችሁ