ለእማዬ፣ ከጄኖቫ
ይድረስ ለእማዬ። እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለሚጣ ሠርግ ያልኩት ብር ሰኞ ተልኳል፤ ቁጥሩን ለወንድም ጋሼ ነግሬዋለሁ። ለድንኳኑና ለጠጁ ይሁን። የግፊት መድኃኒትሽን ድርሻ ግን ለእንግዳ ብለሽ እንዳትነኪው፤ አውቅሻለሁ።

ወንድም ጋሼ «ለሽርሽር ጊዜ አላት፣ ለእህቷ ሠርግ የላትም» ብሏል አሉ። ሽርሽር ያለው ይኸው ነው። የፊታችን ሐሙስ የማስታምማትን አሮጊት ልጇ ትጠብቅልኛለች፤ ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር ቺንኴ ቴሬ የሚባሉትን የባሕር ዳር መንደሮች አይተን እንመጣለን። በተራው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰው እግር መጣያ አያገኝም፣ ትኬቱም ይወደዳል፤ አሁን ሁሉም ረክሷል። ምግብ ቤቱ አብዛኛው ዝግ ስለሆነ ስንቃችንን ይዘን ነው የምንሄደው። ጾምም አይደል? ፋሪናታ የሚሉት የሽምብራ ዱቄት ቂጣ አላቸው፤ ውኃ፣ ጨውና የወይራ ዘይት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ትወጂው ነበር።

ባሕር ስል ክው እንደምትይ አውቃለሁ። ጀልባ አንሳፈርም፤ በዚህ ወቅት ጀልባዎቹም አይሠሩም። ባቡሩ ተራራውን በዋሻ በዋሻ ነው የሚያልፈው። ከባድ ዝናብ ከመጣ የእግር መንገዱን ይዘጉታል፤ በ2011 በነሱ አቆጣጠር ጎርፍ ከመንደሮቹ ሁለቱን፣ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን፣ ስላጠፋባቸው በዝናብ አይቀልዱም። ኮርኒልያ የምትባለውን መንደር እንዘላታለን፤ ከጣቢያው ወደ 380 ደረጃ ይወጣል፣ ወገቤ ደግሞ አሮጊቷን ሳነሳ ሳስቀምጥ… አይ ምንም አይደል፤ ቀኑ አጭር ስለሆነ ነው።

ገደሉን ሁሉ በደረቅ ድንጋይ ክበው እርከን እርከን አድርገው ወይን ተክለውበታል። አባዬ ቢኖር ካቡን በእጁ ሳይነካካ አያልፍም ነበር።

ዋናው የምንሄድበት ማናሮላ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ የጀመረው የገና ሥራ አለ፤ እረኞቹም በጎቹም በመብራት ተሠርተው ኮረብታውን ሞልተውታል። በዲሴምበር 8 ይበራል፤ የነሱ ገና አልፎ የኛው እስኪደርስም አይጠፋም። በኛ 11 ሰዓት ላይ ስለሚመሽ አይተነው በማታው ባቡር እንመለሳለን።

ሠርጉ የብር ጉዳይ አይደለም፣ እማዬ። ሶጆርኖዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ሳይወጣ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ወንድም ጋሼም ይህንን ያውቃል። ሙሽራው ሲመጣ በሩን ይዘው አናስገባም ከሚሉት ፊት መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሹሩባዋንስ ማን ይሠራታል? ትንሽ ሳለች ራሷን ከእኔ በቀር ለማን ታስነካ ነበር? እባክሽ ያቺ ጎረቤታችን እንዳትሠራት፤ አጥብቃ ትጎትታለች፣ ሚጣ ደግሞ አፍራ አትናገርም።

ከጥምቀት በኋላ ያለውን ቀን ስትቆርጡ ወዲያው ንገሩኝ፤ ያን ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ። መልሱንም ጭምር ይቅረጹልኝ።

የሐሙሱን ፎቶ እልክልሻለሁ። ከወንድም ጋሼ እንዳትደብቂው፤ እሱም ይየው።

ልጅሽ