ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የእንግሊዝኛውን ግን እኔ

ይድረስ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከቢሯችሁ ብዙም የማልርቅ ሰው ነኝ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ወደ እናንተ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ጋ ጎራ ይላል። የድሮ የጋብቻ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የውክልና ወረቀት፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ ሁሉንም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ከውጭ የመጡት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያስመልሱኛል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የአማርኛውን ይሁን። የእንግሊዝኛውን የማወጣው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ከአቤቱታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም።

አንድ ወጣት ይመጣል። ከወረዳ የተጻፈለትን ደብዳቤ ያቀብለኛል። "ፓስፖርት አለህ?" እለዋለሁ። "ገና ነው።" "የትምህርት ማስረጃህ ላይ ስምህ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የተጻፈው?" "እኔ እንጃ፤ ደስ እንዳለህ ጻፈው።" እኔም ደስ እንዳለኝ እጽፈዋለሁ። ብርሃኑን በ"አይ" እጽፈዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ በ"ኢ" ጽፎታል። ቀጸላን በ"ኬ" እጀምረዋለሁ፤ ባንኩ በ"ኪው" ጀምሮታል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ቪዛ ወይም ዜግነት ወይም ውርስ ሲጠይቅ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛውን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ያስከፈልኩትም በገጽ ነው።

ስንፍና ብቻ አይደለም ታዲያ። ፊደላችን ለላቲኑ ይሰፋዋል። ጠ እና ተ በእንግሊዝኛ አንድ "ቲ" ናቸው። ቀ እና ከ ሁለቱም "ኬ" ሲሆኑ ታገኛላችሁ። ጨ እና ቸም እንደዚያው። ሳድሱን አንዱ በ"ኢ"፣ ሌላው በ"አይ" ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ያለ አናባቢ ያልፈዋል። ፓስፖርት ደግሞ ድርድር አያውቅም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ ከገጹ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ላይ ከፊደል ሁሉ ላቲኑን ብቻ ይፈቅዳል። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። ለስም የሚደርሰው 39 ነው። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የማነሳው ለአንባቢ ነው፤ በእነዚያ 39 ቦታዎች ውስጥ ጸ የሚባል ነገር ስለሌለ።

ደብዳቤውን ያስጻፉኝ አንዲት እናት ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን አላወጣም። ለምሳሌ እንዲመቸን ፀሐይ ወልደ ጊዮርጊስ እንበላቸው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ሰባን አልፈዋል። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ ከዚያ አሜሪካ። አርባ ዓመት ገደማ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ተመለሱ። አሁን የኢትዮጵያ ዜግነታቸው እንዲመለስላቸው ይፈልጋሉ። ወረቀታቸውን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጉት አምስት ሴት የመጣች ነው የመሰለኝ።

የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ወለተ ማርያም ይላል። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ፀሐይ ይላል፣ በፀሐዩ ፀ። የስምንተኛ ክፍል ካርዳቸው ጸሀይ ይላል፣ በጸሎቱ ጸ እና በሀሌታው ሀ። ሱዳን የመዘገባቸው ሰው የጻፈው በዐረብኛ ነው። ዐረብኛ ፀ የሚባል ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሰሃይ ሆኑ። አሜሪካም ሰሃይን ይዘው ገቡ። እዚያ ደግሞ የአባታቸው ስም መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ወልደ የመሃል ስም፣ ጊዮርጊስ የቤተሰብ ስም ሆነ። የዜግነት ምስክር ወረቀታቸው ላይ ያለችው ሴት እንግዲህ ሰሃይ ወልደ ጊዮርጊስ ሳትሆን፣ የጊዮርጊስ ቤተሰብ የሆነች ሰሃይ ናት። እዚያ የወለዷቸው ልጆችም በዚያው ስም ተመዝግበው አደጉ። "ታቦቱ ወሰደብኝ" ይላሉ እየሳቁ። "እኔ ወለድኩ፣ ልጆቹ የእሱ ሆኑ።"

(የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። በዚያ ዘመን ቀኑን በወረቀት ማሳየት ያልቻለ ስደተኛ ብዙው የተወለደው ያን ቀን ነው። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ጠየቅኋቸው። "እትዬ፣ ቢጫ ካርዱ አይበቃዎትም?" የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያውን ማለቴ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል። የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። ለብዙ ሰው ከበቂ በላይ ነው። እሳቸው ግን "ካርዱ አያስመርጠኝም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መምረጥና መመረጥ ለዜጋ ብቻ ነው። በሰባ ዓመታቸው ሰልፍ ይዘው መምረጥ የሚፈልጉ ሰው ናቸው እንግዲህ። ምን ልበላቸው?

መንገዱ ያለው በዜግነት አዋጁ፣ በቁጥር 378/1996 አንቀጽ 22 ነው። ሦስት ነገር ይላል። መኖሪያህን ኢትዮጵያ አድርግ፣ የያዝከውን የውጭ ዜግነት ተው፣ ለመሥሪያ ቤቱ አመልክት። አጭርና ግልጽ ነው። አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። አመልክት የሚለው ለእናንተ አይደለም፤ የደኅንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ለሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው የኢሚግሬሽን፣ ዜግነትና ወሳኝ ኩነት ኤጀንሲ ለተባለው መጣ። ዛሬ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ናችሁ። ደግ አደረጋችሁ፣ ስም ይቀየራል። ግን አንድ መሆናችሁን በምስክር አረጋግጡ ብሎ ፍርድ ቤት የላካችሁ አለ?

እትዬን ልከዋቸዋል። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የእናንተ መስኮት ነውም አላልኩም። በአንዱ ቢሮ "ሰሃይና ፀሐይ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ይወስን" ተባሉ። በሌላው የተቀመጠ ልጅ፣ ትሁት ልጅ ነው አሉ፣ "እማማ፣ ጊዮርጊስ የአባትዎ ስም ነው የአያትዎ?" ብሎ ጠየቃቸው። ሲያስረዱት ገባው። ግን ገባኝ ብሎ የሚፈርምበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ምስክር ያምጡ ተባሉ። እኩዮቻቸው ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ባሕር ማዶ ናቸው። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደሄዱ እንኳ አያውቁም። የድሮ ቀበሌያቸው ሌላ ወረዳ ውስጥ ገብቷል። ማህደሩም የት እንደገባ የሚነግራቸው አላገኙም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ልብ በሉልኝ። ሕጉ ሌላውን ዜግነት ተው ይላል። እትዬ ይተዉት እንበል። ያ ነገር አንዴ ከፈረሙ በኋላ አይመለስም። ከዚያ በኋላ አንድ መስኮት ላይ "የስም ልዩነት አለ" ቢባሉስ? በዚያ ሰዓት የየት አገር ሰው ናቸው? አሜሪካዊቷ ሰሃይ የለችም። ኢትዮጵያዊቷ ፀሐይ ገና አልተገኘችም። ስለ አንድ ፀ ብሎ አገር አልባ መሆን አለ እንዴ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የመጀመሪያው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ስሙ ይቅደም። አመልካቹ ሌላውን ዜግነት ከመተዉ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ወረቀቶቹን አይታችሁ "እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰው ናቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንጠራው በዚህ ስም ነው" የሚል በማህተም የተደገፈ መልስ ስጡት። አይደሉም ካላችሁም ያኔውኑ ንገሩት። ቢያንስ ተነሥቶ የሚሄድበት አገር ሳይፈርስ ይሰማው።

ማጭበርበሩን ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። በሰው ስም ቤት ሲሸጥ፣ በሰው ስም ውክልና ሲሰጥ ሰምተናል። የተምታታ ስም ለሌባ ምቹ ነው። ለዚህ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015። አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌን፣ የፊት ፎቶ። ከእንግዲህ ለሚመዘገበው ትልቅ ነገር ነው። እትዬን ግን ሙሉ በሙሉ አያድናቸውም። አሻራው ዛሬ ወንበሬ ላይ የተቀመጡትን ሴት ያውቃል፤ የስምንተኛ ክፍሏን ልጅ አያውቃትም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ቢሆን በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት ታሪኩን የሚሰበስበው ከያለበት ነው። ያንን የሚያገናኘው ማሽን ሳይሆን ፊደል የሚያነብ ሰው ነው። እናንተ ጋ እንደዚያ ያለ ሰው ሞልቷል። የጎደለው እንዲፈርም የሚፈቅድለት የታወቀ መመሪያ ነው። ካለም በር ላይ ይለጠፍልን፤ እኛ ጎረቤቶቻችሁ አላየነውም።

ምን ይበል? በሙያዬ ልናገር። ልዩነት ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለቱ ጸዎች፣ ሦስቱ ሀዎች፣ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በእነሱ የተነሳ የሚመጣ ልዩነት እንደ ልዩነት ባይቆጠር ምን ይጎዳል? አማርኛው አንድ ሆኖ እንግሊዝኛው ከተለያየ ዋናው አማርኛው ይሁን። እንግሊዝኛው ቅጂ ነው። ቅጂው ደበዘዘ ተብሎ ዋናው አይከሰስም። ወልደና ጊዮርጊስ፣ ገብረና መድኅን፣ ኃይለና ሥላሴ ተለያይተው ቢመጡ መስኮት ላይ ይገጣጠሙ። ለክርስትና ስም የደብሩ ደብዳቤ ይበቃል ባይ ነኝ፤ እዚህ ላይ ግን ብትጠነቅቁ አልከራከርም። የአባት ስም ጭራሽ ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ እሱ የፍርድ ቤት ነው። ያኔ ብትልኳቸው እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

አሜሪካኖቹ ለዜግነት የሚያስሞሉት ኤን-400 የሚባል ቅጽ አለ። ለደንበኞቼ ስተረጉም አውቀዋለሁ። ከተወለድክ ጀምሮ የተጠቀምክበትን ሌላ ስም ሁሉ ጻፍ ይላል። ስምህን መቀየር ከፈለግክም እዚያው ጠይቅ ይላል፤ ፍርድ ቤት በሚደረግ የመሐላ ሥነ ሥርዓት ላይ ዳኛ ይወስንልሃል። ሌላ ስም መኖሩ ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው። አትቅዷቸው፣ እነሱም የራሳቸው ጉድ አላቸው። አንድ ስም ብቻ የተጻፈበት ፓስፖርት ካዩ "የመጀመሪያ ስም አይታወቅም" የሚለውን በሦስት ፊደል አሳጥረው ቪዛው ላይ ኤፍ ኤን ዩ ይላሉ። አንዱ ደንበኛዬ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ "ፍኑ" ነው የሚሉት። ያችን የ"ሌላ መጠሪያ" መስመር ግን በየቅጻችን ላይ፣ በፋይዳውም መዝገብ፣ ብናገኛት ብዙ እንባ ታስቀራለች።

ለእኛ ለተርጓሚዎችም አንድ ነገር አድርጉልን። የፊደል ሰሌዳ ስጡን። ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ የትኛው ሆሄ በየትኛው ላቲን እንደሚጻፍ የሚያሳይ አንድ ገጽ። ፓስፖርት ያለው ሰው በፓስፖርቱ ይጻፍ፤ የሌለው በሰሌዳው። ከዚያ ውጪ የጻፈ ተርጓሚ ይጠየቅ። እኔ መጀመሪያ እጠየቃለሁ፣ ቅር አይለኝም። "ደስ እንዳለህ ጻፈው" የሚለኝን ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየዋለሁ።

እትዬ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። ማመልከቻውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ፋይሉን ትናንት ማታ ከፍቼ "እኔ አመልካች" የሚለው ድረስ ደርሼ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሚገባው ስማቸው ነው። የትኛውን ልጻፈው?

ከአክብሮት ጋር፣
ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለው ተርጓሚ