ቅዳሜያችንን መልሱልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሰንበት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ጊዜ በንዴት ነው። ስለ ሮማው ንጉሥ ስለ ቆስጠንጢኖስ የጻፋችሁት ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ321 ዳኞችና የከተማ ሰዎች እሑድ እንዲያርፉ አዟል። (ገበሬው ግን ይረስ ብሎ ፈቅዶለታል። እሷን ዘለላችኋት፤ ይሁን።) የእኔ ችግር ወደ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ በአገራችን ከአድቬንቲስቶች በስተቀር ቅዳሜን በሰንበትነት የሚያከብር ክርስቲያን የለም የምትለው።

የለም! እንግዲያው እኔም የለሁም፤ እናቴም አልነበረችም።

የተጉለት ልጅ ነኝ። እኛ ቤት የሚፈጨው ተፈጭቶ፣ የሚፈለጠው ተፈልጦ የሚያልቀው ዓርብ ነበር። ቅዳሜ በሬ አይጠመድም። እናቴ ያን ቀን መጅ ስትነካ አይቼ አላውቅም። አባቴ ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት»፣ እሑድን «ሰንበተ ክርስቲያን» ነበር የሚላቸው፤ አንዷን ከአንዷ ሳያበላልጥ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ። ባለተራው ዳቦውንና ጠላውን ያመጣል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ነዳያንም ድርሻውን ያገኛል። ቅዳሜ ግን ድምፅ የለም። የማስታውሰው ዝምታውን ነው።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም። በብዙ አገር ቅዳሜ ገበያ ነው። ሞፈር የማይነካው ገበሬ አህያውን ጭኖ ገበያ ይወጣል። ከተሜውማ ተወት አድርጎታል። ዘጋቢያችሁ «አከባበሩ ላልቷል» ቢል ኖሮ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። «የለም» ግን ሌላ ነገር ነው።

ተጉለትን ያነሳሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 ጉባኤ ጠርቶ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ያስወሰነው እዚያው ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ነው። ውሳኔው በቀላሉ አልመጣም። አባ ኤዎስጣቴዎስ በዚሁ በቅዳሜ ጉዳይ ተገፍተው አገር ጥለው ወጡ፤ ያረፉትም አርመን አገር ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከለከሉ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ታሰሩ። አድቬንቲስቶች አሜሪካ ውስጥ በቤተ ክርስቲያንነት የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ከደብረ ምጥማቅ 413 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ቀኑን ጥንቅቅ አድርጎ በመያዝ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። ግን ቅዳሜን ከማንም አልተዋስንም።

«የአይሁድ ልማድ ነው» የሚለው ወቀሳም አዲስ አይደለም። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ይህንኑ ሲሉ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጽሑፍ መልሶላቸዋል። እኛ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ ውኃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ አይደለም፤ ቍርባን በማቅረብና ማዕድ በመካፈል ነው ብሏል። (እናቴ በዚህ ከንጉሡም ይልቅ ጥብቅ ነበረች።) ኋላም ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ ቅዳሜን ሻረ፣ አገሩ ታመሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን መለሰ።

ይህ ሁሉ ረጅም ነው፣ ቦታ የለንም ትሉ ይሆናል። እሺ፣ አጭር ማስረጃ ልስጣችሁ፤ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ካሌንደር ገልጣችሁ የትንሣኤን ዋዜማ እዩ። «ቀዳም ስዑር» ይላል። የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ምኗ ተሻረ? ዓመቱን ሙሉ፣ በዐቢይ ጾም እንኳ፣ ቅዳሜ ከእህል ውኃ ተከልክሎ አይዋልም፤ ሰንበት ናታ። ያቺ አንዷ ብቻ ስለምትጾም ክብሯ ተሻረ ተባለ። ክብር የሌላት ቀን ምኗ ይሻራል? ዘጋቢያችሁ በየዓመቱ ያን ቀን ቄጤማ ራሱ ላይ አስሮ የሚውል ይመስለኛል።

ይህን ያህል የተቆጣሁበትን ምክንያትም ልናገር። የምሠራው አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ሕጉን አውቃለሁ፤ አዋጅ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ ስድስት ቀን ነው። የሳምንቱንም እረፍት በተቻለ መጠን እሑድ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ይዘጋልኝ አላልኩም። አስቀድሼ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ልግባ፣ ማታ አካክሳለሁ ነው ያልኩት። አለቃዬ ሳቀብኝ። «ኦርቶዶክስ አይደለህ እንዴ? ቅዳሜ የአድቬንቲስት ነው» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼም አጅበው ሳቁ። ሁለት ወር ሙሉ ስም ወጣልኝ፤ «ፓስተር» ይሉኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩት ሰውዬ!

ባለፈው ሰኞ ደግሞ የእናንተ ገጽ ተቆርጦ ማሽኔ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ያቺ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮባታል። ጋዜጣ ተናገረ፣ ጉዳዩ አለቀ!

ዘጋቢያችሁን አልጣላውም፤ ምናልባት ከአንድ የውጭ ጽሑፍ ወስዶት ይሆናል። ግን ከዝግጅት ክፍላችሁ ወጥቶ አንድ የደብር አለቃ ቢጠይቅ የሻይ ዋጋም አያስወጣውም ነበር። ማስተካከያ እጠብቃለሁ፤ ከማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ። አለቃዬ ጋዜጣ የሚያነበው ሰኞ ጠዋት ስለሆነ ከዚያ በፊት ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል። ስልኬ ዝግጅት ክፍላችሁ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አላነሳም።

የተጉለቱ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ