የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ "ባንኩ ለማን አበደረው?"

ክበባችን በዚህ መጽሔት ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ የችግኝ ነው። ዘንድሮም ተክለናል፤ ከግቢው ጀርባ ያለው ወይራና ጽድ፣ ፍየል ካልቀደመን፣ ይጸድቃል። ዓመቱን የፈጀብን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባንክ።

ነገሩን የጀመረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። ውጭ አገር ያሉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች ገንዘባቸውን እንዲያወጡ እንደሚወተውቱ ነገረችንና "እኛስ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጎንደር ውስጥ የነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን ያለው ማን ነው? እሷ ግን አልተቀመጠችም። "እናቴ የደረሳትን እቁብ ባንክ አስገብታለች። ባንኩ ቆልፎ አያስቀምጠው፤ ለማን አበደረው?"

መልስ የነበረው አልነበረም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርን።

ልጆቹ የአፓርታይድን ታሪክ ስለሚያውቁ መነሻችን ደቡብ አፍሪካ ሆነች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዎችና ባንኮች ከዚያች አገር ገንዘባቸውን እንዲያወጡ የተደረገውን ግፊት፣ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ2014 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ኩባንያዎች ላይም እንዲደገም ጠይቀዋል። በዚያው ዓመት፣ ሀብቱን ከነዳጅ ያፈራው የሮክፌለር ቤተሰብ ያቋቋመው ፈንድ ከነዳጅ እንደሚወጣ አስታወቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ፓርላማ የአገሪቱ ግዙፍ ፈንድ ከገቢያቸው ወይም ከሥራቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ኩባንያዎች እንዲወጣ ወሰነ። "ፈንዱ ራሱ ከነዳጅ ሽያጭ የተጠራቀመ አይደል?" ያለው ልጅ ልክ ነበር። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክም በ2019 እ.ኤ.አ. ለነዳጅ ፕሮጀክቶች ማበደሩን ለማቆም ወስኗል።

ከሁሉ ያከራከረን ግን ከኡጋንዳዋ ሆይማ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ ወደብ የሚዘረጋው የ1,443 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ነው። ድፍድፉ ሰም የበዛበት ስለሆነ እንዳይረጋ መንገዱን ሁሉ መሞቅ አለበት። ተሟጋቾች ባንኮቹን በየስማቸው እየጠሩ ስለጠየቁ በርካታ ትልልቅ ባንኮች አናበድርም ብለዋል። አንዱ ተማሪያችን ተነስቶ "በኦጋዴን ካሉብ ያለውን ጋዝ እኛ ስናወጣም ባንኮች አይስጡን ልንል ነው? ሀብታሞቹ መቶ ዓመት ሲያነዱ ማን ከለከላቸው?" አለ። ይህ ክርክር ሁለት ሳምንት ወሰደብን፤ አልተቋጨም። እኔ በበኩሌ እንዲቋጭ አልገፋሁም፤ አዋቂዎቹም አልቋጩትም።

አባቱ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ደግሞ ክርክሩን ወደ ከተማችን መለሰው። አባቱ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ውሎ በባዶ እጁ የሚገባበት ቀን አለ። "ነዳጅ ይቅር ካላችሁ ምን ይንዳ?" አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ነው። ታዲያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባጃጅ የአዘዞን አቀበት ወደ ፒያሳ ይወጣል? መብራት ሲጠፋስ?

በዚህ ጊዜ ነው ባንክ ለመጥራት የወሰንነው። የአንድ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መጡልን። ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሳሉ፤ ቆጣቢ፣ ባንክ፣ ተበዳሪ። የእኛ አገር ባንክ በዋናነት ለንግድ፣ ለግንባታና ለአስመጪ እንደሚያበድር፣ የውጭ ነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን እንደማይገዛ አስረዱ። ልጅቷ ቀጠለች፤ "በጅቡቲ የሚገባው ነዳጅ የሚገዛው በማን ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ) ነው?" ሰውዬው ሳቁና "በባንክ ነው" ብለው አራተኛ ሳጥን ጨመሩ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ብድር ሲጠየቁ ግን ዋናው ችግር ዋስትና መሆኑን፣ የባትሪውን ዕድሜ ባንኩ እንዴት እንደሚገምተው ገና እንዳልታወቀ ሳይደብቁ ተናገሩ። ያ ሐቀኝነታቸው ደስ አለኝ።

በግንቦት ለባንኩ ደብዳቤ ጻፍን። "ለነዳጅ አታበድሩ" የሚለው ሐረግ በድምፅ ብልጫ ከደብዳቤው እንዲወጣ ተደረገ፤ የባጃጁ ልጅ ወገን አሸነፈ። የቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ባንኩ ከብድሩ ምን ያህሉ ለነዳጅ ንግድ፣ ምን ያህሉ ለፀሐይና ለኤሌክትሪክ ሥራ እንደሚውል ለቆጣቢው በየዓመቱ እንዲያሳውቅ፤ የባጃጅ ማኅበራት በቡድን ዋስትና የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚገዙበት ብድር እንዲያጠና። አባላቱ ፈረሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አስተላልፌዋለሁ ብለውናል። ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እስኪገባ መልስ አልመጣም። ቅጂው በቤተ መጻሕፍቱ የክበባት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጆች በመስከረም ሲመዘገቡ ከእሱ ይጀምራሉ።