ለየካ አባዶ ልጆች የንባብ ክፍል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ ወላጆችና የትምህርት ቤታችን ወዳጆች፤

በሠፈራችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጨረሻ ገጹ የተቀደደ አንድ የተረት መጽሐፍ አለ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ተረቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ የጎደለውን መጨረሻ በትልልቅ ፊደል በእጃቸው ጽፈው በኮላ አጣብቀውታል። ልጆቹ «የቲቸር መጽሐፍ» ይሉታል፤ ተራ ይዘው የሚዋሱትም እሱን ነው።

ብዙዎቻችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲባል ቁልፍ የሚይዝና ጸጥታ የሚያስከብር ሰው ይመስለናል። እኛም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት ክፍሉ ገብተን እስክናይ ድረስ ከዚህ የተለየ ግምት አልነበረንም። በከተማው የምገባ መርሐ ግብር ምክንያት ልጆች ምሳቸውን ትምህርት ቤት ስለሚበሉ፣ ከምሳ በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ የንባብ ጊዜ ሆናለች። ባለሙያዋ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ እሳቸውም ታሪኩን እመሃል ላይ አድርሰው መጽሐፉን ይዘጉና «ቀሪውን ማን ያነብልኛል?» ይላሉ። ፊደል ቆጥሮ ቃል መግጠም የሚያስቸግረው ልጅ ሳይቀር እጁን ያወጣል፤ ሲሳሳት ማንም አይስቅበትም፣ ምክንያቱም በዚያ ክፍል ለንባብ ማርክ አይሰጥም። መምህር በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚስማማውን መጽሐፍ ሊመርጥ አይችልም። ባለሙያዋ ግን ማን የእንስሳት ታሪክ እንደሚወድ፣ ማን ደግሞ ሥዕሉን ብቻ አይቶ እንደሚመልስ ለይተው ያውቃሉ።

የጎደላቸው መጽሐፍ ነው። ክፍሉ በመማሪያ መጻሕፍትና በፈተና መለማመጃዎች የተሞላ ሲሆን፣ ለትንንሽ ልጆች የሚሆኑት ታሪኮች አንድ መደርደሪያ እንኳ አይሞሉም። ቀደም ሲል በቅን ልቦና የተበረከቱልን በርካታ ካርቶኖችም ሲከፈቱ ለስምንት ዓመት ልጅ የማይሆኑ ወፋፍራም የውጭ አገር መጻሕፍት ተገኝተውባቸዋል። ስለዚህ ያገለገለ መጽሐፍ በጅምላ ከመሰብሰብ ይልቅ ባለሙያዋ ራሳቸው መርጠው እንዲገዙ ማድረግ እንደሚሻል ወስነናል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ፈልገው ማጣታቸው አሳስቧቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች ደጅ እንዲደርስ አደረጉ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለከተማችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ከየካ አባዶ ተነሥቶ መገናኛ ላይ ታክሲ እየቀየሩ መሄድ ለትንሽ ልጅ የዘወትር መንገድ ሊሆን አይችልም። መጽሐፉ ልጁ ካለበት መገኘት አለበት።

ለዚህም 300 የልጆች መጻሕፍት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለመግዛት፣ ልጆች ራሳቸው ደርሰው የሚያነሡባቸው ስድስት ዝቅተኛ መደርደሪያዎች ለማሠራትና መሬት ላይ ተቀምጠው የሚያነቡባቸው ምንጣፎች ለማንጠፍ አቅደናል። ተወዳጅ የሆኑት መጻሕፍት ሦስት ሦስት ቅጂ እንዲገዙ የጠየቁት ባለሙያዋ ናቸው፤ አንድ ልጅ የወደደውን ጓደኛው ወዲያው ማንበብ ካልቻለ ጉጉቱ እንደሚበርድ በልምዳቸው አይተዋል። ለላስቲክ መሸፈኛና ለመጠገኛ ዕቃም ጥቂት ገንዘብ ያስፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የምንጠይቀው ቢያንስ የአንድ የልጆች መጽሐፍ ዋጋ ነው። አቅም ያለው ቢጨምር፣ አናጺ የሆነ ጎረቤት በጉልበቱ ቢያግዝ፣ ጣውላ ወይም ቀለም ያለው በዓይነት ቢሰጥ በደስታ እንቀበላለን። በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥተው ለልጆች ሊያነቡ ወይም ተረት ሊነግሩ የሚችሉ አያቶችና ጡረተኞችም ለባለሙያዋ ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ እንለምናለን፤ ይህን ከገንዘቡ አሳንሰን አናየውም።

መዋጮው እስከ ነሐሴ 30 ድረስ በትምህርት ቤቱ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ይሰበሰባል። የተገዙት መጻሕፍት ዝርዝርና የወጣው ወጪ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ በዚያው ቀን መደርደሪያዎቹን ከልጆቻችሁ ጋር መጥታችሁ እንድታዩ ከወዲሁ ጋብዘናችኋል።

የትምህርት ቤቱ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት