ደህና ነኝ እያልኩ የሞላሁት ፎርም

ልጄ፣ እናቴ፣

ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ታውቂያለሽ። «ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ጽፌ ነበር። ከዚያ አነበብኩትና ሰረዝኩት። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ያቺ «ደህና ነኝ» ናት።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ድምፅሽን ስሰማ አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ፊደል የተማርሽው ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው።

የፒፑ መልስ መጥቷል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሕመም ወይም ጉዳት ኑሮውን ላከበደበት ሰው የሚከፍለው የድጎማ ገንዘብ፣ ያ የጠየቅነው። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ስቆጥር ዛሬ 12 ቀኑ ነው። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ጋቢዬ ሥር ከትቼው ነበር። ከልክለውኛል። ለዕለት ኑሮ 1 ነጥብ፣ ለመንቀሳቀስ 0። ለመከፈል ደግሞ በአንዱ ቢያንስ 8 ማግኘት ያስፈልጋል። ያቺ አንዷ ነጥብ ከየት እንደመጣች ታውቂያለሽ? አንቺ ከገዛሽልኝ፣ የሳምንቱ ቀናት ከተጻፉበት የኪኒን ሳጥን። ሳልደብቅ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነዋ።

መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው ግን ያለው የራሴው ቃል ነው። ምግብ እንደሚያበስሉ ነግረውናል። ቤተ ክርስቲያን በእግርዎ እንደሚሄዱ ነግረውናል። አዎ፣ ነግሬአቸዋለሁ።

ፎርሙን አብረን ስንሞላ ገላ መታጠብና ሽንት ቤት የሚለው ጋ ስንደርስ «ይሄን እለፊው፣ ችግር የለብኝም» አልኩሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝና ዝም ብለሽ ጻፍሽ። በልጅነትሽ ያጠብኩሽ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀሽኝ ስትጽፊ ማየት ከበደኝ። ከዚያ ደግሞ ከፒፕ በስልክ ደውለው የጠየቁኝ ቀን። አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ወይ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የሚመጣው ሰው ወይ ከቤተ ክርስቲያን ወይ ከዕቁብ የማውቀው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ጠያቂዋ ሴትዮ ገና ስትጀምር «እንዴት ነዎት?» አለችኝ። ምን እንዳልኳት መገመት አያቅትሽም። ምግብ ማብሰል እችላለሁ ወይ ስትለኝማ ጭራሽ ኮራሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠርቻለሁ አልኳት!

የዚያን ዶሮ ወጥ ታሪክ አሁን ስሚ። ሽንኩርቱን ከሐሙስ ጀምሬ አራት አራት ራስ እያደረግኩ ነው የከተፍኩት፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ቢላዋውን አስቀምጬ እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። ቁሌቱን ያማሰለችው ጎረቤታችን ናት። ድስቱን ያወረደችውም እሷ። አንቺ እሑድ ስትመጪ በርጩማውን አልጋ ሥር ገፋሁት። ሰኞ ማታ ባቡር ጣቢያ አድርሼሽ ስመለስ ተኛሁ፤ እስከ ሐሙስ ሥራም አልገባሁም። ለሥራ ቦታዬ «ጉንፋን ነው» አልኩ።

የሽንት ቤቱንም ልንገርሽ፣ አንዴ ከጀመርኩ። ለመነሳት የመታጠቢያውን ጠርዝ እይዛለሁ። ገንዳው ውስጥ ገብቼ መታጠብ ከተውኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ክረምት ገብቼ መውጣት አቅቶኝ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን በርጩማው ላይ ሆኜ በጆግ ነው የምታጠበው። ጡት መያዣ ከኋላ መቆለፍ ትቻለሁ። ቁልፍ ያለው ሸሚዜን ሁሉ ለቻሪቲ ሾፕ ሰጥቻለሁ። ፋሽን አለፈባቸው ብዬሽ ነበር።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። እሳት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን ያነደኛል። የትራስ ልብስ በአንድ ሌሊት ሁለቴ እቀይራለሁ። ላቡ ሲደርቅ ብርዱ ይመጣል፤ ብርዱ ሲመጣ ወገቤና ጉልበቴ ይነሳሉ። በዚያ ላይ መርሳቱ። ድስት ጥጄ ረስቼ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ ጮኋል። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ሌሊት ደጅ ወጥታ ነጠላዋን ስታራግብ አያት ነበር። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ሂጂ ተኚ» ትለኛለች። ይኸው እኔም ለአንቺ ያው ሆንኩ።

ሐኪሟ ማረጥ ነው አለችኝ። እዚህ አገር በአማካይ 51 ዓመት ላይ ነው የሚመጣው፤ እኔ 52 ነኝ። ፋይብሮማያልጂያው፣ ያ ሰውነቴን ሁሉ የሚያመኝ የቆየ በሽታ፣ ላይ ተደርቦ መጣ ማለት ነው። መገጣጠሚያ ማሳመሙም፣ እንቅልፍ መንሳቱም፣ ማስረሳቱም ከማረጥ ሊመጣ ይችላል፤ የቱ ከየቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል አለች። የሚለጠፍ የሆርሞን ፕላስተር ጀምሬአለሁ። ሙቀቱን ትንሽ ቀለል አድርጎታል። ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ይዤ ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጡበት ቢሮ፣ ሄድኩ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ናቸው ያነጋገሩኝ። ፒፕ ለበሽታ ስም አይከፍልም አሉኝ። ማረጥ ይሁን ፋይብሮማያልጂያ፣ የሚጠየቀው ምን ማድረግ እንዳቃተሽ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው። ችላለች የሚባለውም ነገሩን ራስሽን ሳትጎጂ፣ በደንብ አድርገሽ፣ ባስፈለገሽ ቁጥር ደግመሽ፣ ከጤነኛ ሰው እጥፍ በላይ ጊዜ ሳይፈጅብሽ ስታደርጊው ነው። ከግማሽ በሚበልጡት ቀናት እንዲህ ካልቻልሽ፣ አልቻልሽም። ስለ ምግብም የሚጠይቁት ለአንድ ሰው የሚሆን ቀላል ነገር ከጥሬው ጀምሮ ስለ መሥራት ነው። ዶሮ ወጥ ማን ጠየቀኝ?

በርጩማዋን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ለምን አልተናገሩም?» አሉኝ። ያለ በርጩማ ምግብ መሥራት ካልተቻለ 2 ነጥብ ነው። ለመታጠቢያም እንደዚያው 2። እኔ አልጋ ሥር የደበቅኳት በርጩማ!

ሦስት ቀን ቢሮ እያጸዳሁ ምን ብዬ እጠይቃለሁ የሚለውም ሲያሳፍረኝ ነበር። ለካ ሥራ ያለውም ይጠይቃል፤ ደሞዝም ቁጠባም አይታይም። የቡና ላይ ወሬውን ግን ማንም አያስቀርልኝም። «ቤኔፊት ገባች» ይባላል። ይባል። ታክሲ የምይዝበት ገንዘብ ወሬኞቹ አይሰጡኝም።

ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ ለማለት ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው ያለው። ያም ካልሆነ ገለልተኛ የሆነ ችሎት አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነይልኝ። ላፕቶፕሽን ያዢ። እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ በየቀኑ በደብተር እየጻፍኩ ነው፤ ስንት ሰዓት ተነሣሁ፣ ምን ጣልኩ፣ የት ቆምኩ። ከበራችን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ ሁለት ጊዜ አጥር ይዤ እንደምቆም የቆጠርኩት ትናንት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ስንቴ እንደምቀመጥ እሑድ እቆጥራለሁ። ሐኪሟም ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ጠይቄአለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትጠይቂኝ ፊቴን አትዪኝ፤ ወደ ላፕቶፑ እያየሽ ጠይቂኝ። «ይሄን እለፊው» ካልኩሽ አትለፊው።

ምሳ አንቺ ትሠሪያለሽ። በርጩማዋን አውጥቼ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ አስቀምጫታለሁ፤ እዚያ ተቀምጬ ሽንኩርቱን እከትፍልሻለሁ።

እናትሽ