ከምዘናው በፊት፦ ለአባቴ የጻፍኩት ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሚቀጥለው ወር ኬዝ ማናጀሯ፣ ማለትም የእርስዎን እንክብካቤ የምትከታተለው ሠራተኛ፣ የዓመቱን ምዘና ለማድረግ ወደ ቤት እንደምትመጣ እኅቴ ነግራኛለች። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ደጋግመው እንዲያነቡት ብዬ በጽሑፍ ላክሁልዎ።

ባለፈው ዓመት ሴትዮዋ ገላዎን ማን እንደሚያጥብልዎ ስትጠይቅዎ «ራሴ» ብለዋታል፤ ከአልጋ ሲነሡ የሚደግፍዎ ይኖር እንደሆነ ስትጠይቅዎም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም» ብለው መልሰዋል። በልጅዎ ዕድሜ ላለች እንግዳ ሴት ስለ መጸዳጃ ቤት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን ስቴት ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት የጤና ሽፋን) የሚከፍልበት የሆም ኬር፣ ማለትም የቤት ውስጥ እንክብካቤ፣ ሰዓት የሚወሰነው በዚያ ጥያቄና መልስ ነው። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳዳት፣ ከአልጋ መነሣት፣ መድኃኒት መውሰድ፣ ምግብ ማዘጋጀት እያንዳንዳቸው ይመዘገባሉ፤ ኮምፒዩተሩም ከተመዘገበው ተነሥቶ የወሩን ሰዓት ያወጣል። ራሴ እችላለሁ ያሉት ሁሉ፣ ቤተሰብም በነጻ ይሠራዋል ተብሎ የተጻፈው ሁሉ፣ ከሰዓቱ ይቀነሳል።

እኔ በዚሁ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሥራ ስለምተዳደር፣ የተቀነሰው ሰዓት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ በየቀኑ አያለሁ። ከምንከባከባቸው አረጋውያን መካከል የረጠበ አንሶላቸውን አጣጥፈው የሚደብቁ አሉ። አንሶላው መገኘቱም መታጠቡም አይቀርም፤ የሚታጠበው ግን የተፈቀደልን ሰዓት ካለቀ በኋላ ነው። የሰው ወገብ እንዳይሰበር ብለን ቀስ ብለን የምናነሣበት ጊዜ፣ አልበላም ያለውን እያባበልን የምናጎርስበት ጊዜ፣ በየትኛውም ቅጽ ላይ በሙሉ ልኩ ተጽፎ አላየሁም። የእርስዎም ሰዓት ሲያንስ ሌሊት ተነሥታ ደግፋ የምትወስድዎ እኅቴ ናት። ልጅዎ ስለሆነች በደስታ ታደርገዋለች፤ ሠልጥናና ተመዝግባ የምትሠራ ሠራተኛም ስለሆነች ሊከፈላት ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ቀደም ሲል ስቴቱ፣ ተንከባካቢውና ተረጂው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ከሆነ፣ ማጽዳቱና ማብሰሉ ለተንከባካቢውም ይጠቅመዋል በሚል ምክንያት ሰዓቱን በ15 በመቶ ያህል ይቀንስ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ በ2014 ደግሞ ያልተከፈላቸው ሠራተኞች 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈላቸው የተፈረደውን አጸናው። ከዚያ በፊት፣ በ2001፣ ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ በየሰዉ ቤት ተበታትነው ይሠሩ የነበሩት ተንከባካቢዎች በዩኒየን (በሠራተኞች ማኅበር) ተደራጅተው ከስቴቱ ጋር የመደራደር መብት አግኝተዋል። በ2011 የጸደቀው ሌላ ሕግ ሥልጠናውን አጠናክሯል። እነዚህን ለውጦች አላቃልልም፤ ኑሯችንን የለወጡ ናቸው። ሆኖም ለውጥ በተባለ ቁጥር ስለ ደመወዝና ስለ ወጪ ብቻ ሲወራ፣ ሰዓቱ ሲመዘን ሥራውን የሚሠራው ሰው ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ያሳዝነኛል። አረጋዊው ያፈረበትን፣ መዛኟም በአንድ ጉብኝት ልታየው የማትችለውን የሚያውቀው ተንከባካቢው ነው። በምዘናው ላይ የመናገርና ቃሉ በመዝገብ የመስፈር መብት በሕግ ቢሰጠው፣ ብዙ ያልተከፈለ ድካም ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን የእርስዎ ቃል ያስፈልገናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሚሻልዎን ቀን ሳይሆን ጉልበትዎ የሚከዳዎን ቀን ይንገሯት፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡና ሻወር ቤት ውስጥ ማን እንደሚይዝዎ አይዝለሉ። አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት ስላለዎ አስቀድመው ያስጠይቁ። እኅቴ እንድታስተረጉም አይፍቀዱ፤ የራሷ ሥራ በሚመዘንበት ጉዳይ ላይ ቃልዎን እንድታደርስ ማድረግ ለሁለታችሁም ይከብዳል፤ እርስዎም በእሷ ፊት ይበልጥ ያፍራሉ። ስለ ኀፍረቱ ካሰቡ፣ ለአስተርጓሚው መናገር ለልጅ ከመናገር ይቀልላል።

ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል። ሰዓቱ ያነሰ መስሎ ከታየዎ ይግባኝ ለማለት 90 ቀን አለ፤ ቅነሳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከጠየቅን ደግሞ የሚሻል ስለሆነ፣ ፖስታው እንደደረሰ ሳይውል ሳያድር በስልክ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ለእኅቴ ይንገሯት። ይግባኙን እኔ እጽፋለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

አክባሪ ልጅዎ